ያውቁ ኖሯል? ከድሬዳዋ እስከ አክራ

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ባለ ቅስቱ በር ሥር ስለ እንግሊዝ ክለቦች የሚከራከር ወጣት ሁሉ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለናል፦ እ.ኤ.አ. በ1965 አክራ ላይ በተጠናቀቀው የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ፣ ለግማሽ ፍጻሜ ከደረሱት አራት ቡድኖች አንዱ የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ ጥጥ ማኅበር፣ ነበር። ያቆመው የማሊው ስታድ ማሊየን ነው።

የፋብሪካው ቡድን በ1960 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዓመቱ ዋንጫውን አጣ፤ በ1962 እና በ1963 አከታትሎ አነሳ፤ በ1965 ደገመ። የኮሪያው የኮምፒውተር ጨዋታ ቡድን ቲ1ም በኤስኬ ቴሌኮም ስም ተነስቶ ያው መንገድ ገጥሞታል፦ በ2013 የሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2014 ለውድድሩ እንኳ ያላለፈ፣ በ2015 እና በ2016 እንደገና ሻምፒዮን።

የጥጥ ማኅበርን ማልያ ከለበሱት አንዱ ታላቁ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። ጥር 1962 ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብጽን 4 ለ 2 ስትረታ፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል የአቻነቷን ጎል አስቆጠረ፤ ዋንጫውንም በአምበልነቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ጥጥ ማኅበር አምስተኛውን የሀገር ሻምፒዮንነት ያገኘው በ1983 ነው።