ጸበልና መድኃኒት የሚያጣሉ ሰዎች

«ጸበል የገባ ሰው መድኃኒት ከወሰደ እምነቱ ጎዶሎ ነው» የሚለው ቃል በአንዳንድ አጥማቂ ነን ባዮች አንደበት እየተደጋገመ፣ ኢንሱሊኑን እየተወጋ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን በሰዓቱ እየዋጠ ከሰው እኩል ሠርቶ ያድር የነበረውን ምእመን አልጋ ላይ ሲጥለው፣ አልፎም ለመቃብር ሲያበቃው ያየ ሁሉ ዝም ሊል አይገባውም።

ሕሙሙ ይህን ቃል ቢቀበል አይፈረድበትም፤ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ክኒን ያሰለቻል፤ በሱባኤና በጸሎት የሚገኘው የኅሊና ዕረፍትም ለደከመች ነፍስ በእውነት ይበጃታል። ፈጣሪ በወደደው መንገድ ቢፈውስ ከልካይ የለበትም። ነገር ግን መድኃኒት በተቋረጠ ሰሞን የሚሰማው ደኅንነት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተወሰደው መድኃኒት ያቆየው ነው፤ ከዚያ በኋላ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በሥውር ይራባል፣ አወሳሰዱ ሲቆራረጥም መድኃኒቱን ይላመደዋል፤ የሚጥል በሽታ ክኒን በድንገት ሲተው ማባሪያ የሌለው መንፈራገጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ ሰውም መርፌውን ከተወ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ በአሲድ ተመርዞ ሊሞት ይችላል። ኢንሱሊን በ1922 እ.ኤ.አ. ለሕሙማን መሰጠት ከመጀመሩ በፊት በዚህ ዓይነቱ የስኳር በሽታ የተያዙ ሕፃናት ዕጣ ሞት ነበር።

መድኃኒት ተዉ እያሉ የሚሰብኩት በየትኛው ሥልጣን ነው? ነቢዩ ኢሳይያስ ንጉሥ ሕዝቅያስ እንደሚድን ከእግዚአብሔር ሰምቶ ሳለ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ፤ መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል፤ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ በይፋ ደግፈዋል። ከመጻሕፍትና ከፓትርያርክ በላይ መንፈሳዊ ነኝ የሚል ሰው፣ ሕሙሙ ሲሞት ደግሞ «እምነቱ ጎድሎ ነው» ብሎ በሬሳው ላይ መፍረዱ ከጭካኔ ሁሉ የከፋ ጭካኔ ነው።

ከጸበል ውጭም ስለ ሕመምና መድኃኒት የሚነገሩ ሐሰቶች አሉ። «ራሴን ካላመመኝ ደሜ አልጨመረም» የሚባለው ሐሰት ነው፤ የደም ግፊት አንጎልን፣ ልብንና ኩላሊትን እስኪጎዳ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ስለሌለው በመለካት እንጂ በስሜት አይታወቅም። ኢንሱሊን የታዘዘለት ሰው ሁሉ ሊሞት ተቃርቧል የሚባለውም እውነት አይደለም። ለጎረቤት የታዘዘ ክኒንም ለጎረቤት ብቻ ስለሆነ ሌላ ሰው ሊውጠው አይገባም።

ጸበል ለመግባት ያሰበ ሕሙም ከመሄዱ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ሲጾም ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድበት ስለሚችል መጠኑና ሰዓቱ ይስተካከልለታል፤ ለሚቆይበት ጊዜ የሚበቃውን መድኃኒት፣ ኢንሱሊኑንም ከፀሐይ ጠብቆ፣ ይዞ ይሂድ።