ፌይልኦቨር

ፌይልኦቨር አንድ ሰርቨር ሥራ ሲያቆም ይሰጠው የነበረው አገልግሎት ያለ ሰው እጅ ወደ ሌላ ሰርቨር የሚዛወርበት አሠራር ነው። ለዚህ ዓላማ በጋራ እንዲሠሩ የተያያዙ ሰርቨሮች የከፍተኛ ተገኝነት ክላስተር ይባላሉ፤ እያንዳንዱ ሰርቨር ደግሞ ኖድ ይባላል። ተጠባባቂውን ኖድ ማስነሳት የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የመጀመሪያው ኖድ በእርግጥ መቆሙን ማወቅ ነው፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ከሠሩ መረጃ ሊበላሽ ይችላል፣ ይህም ከአጭር መቋረጥ የከፋ ጉዳት ነው።

ዓላማ

የአገልግሎት ተገኝነት አብዛኛውን ጊዜ በመቶኛ ይገለጻል። 99.9 በመቶ ማለት በዓመት 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ያህል መቋረጥ ነው። 99.99 በመቶ ወደ 53 ደቂቃ፣ 99.999 በመቶ ደግሞ ወደ 5 ደቂቃ ያወርደዋል። ባለሙያ ተጠርቶ ችግሩን እስኪፈታ ድረስ 5 ደቂቃ በቀላሉ ስለሚያልፍ፣ ዝውውሩ በሶፍትዌር እንዲከናወን ይደረጋል።

አሠራር

ሰርቨሮችን በክላስተር ማያያዝ የቆየ ሐሳብ ነው፤ ከቀደምቶቹ አንዱ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው ቫክስክላስተር ነው። በሊኑክስ ላይ በስፋት የሚሠራባቸው ሁለት ነጻ ሶፍትዌሮች ኮሮሲንክ እና ፔስሜከር ናቸው።

ኮሮሲንክ በኖዶቹ መካከል መልእክት እያመላለሰ የትኞቹ ኖዶች እንዳሉ ይከታተላል። ፔስሜከር ደግሞ ይህን መረጃ ይዞ የትኛው አገልግሎት በየትኛው ኖድ ላይ እንደሚሠራ ይወስናል። ፔስሜከር የሚያስተዳድራቸው ነገሮች ሪሶርስ ይባላሉ። ለምሳሌ አንድ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሦስት ሪሶርሶች ሊኖሩት ይችላሉ፤ እነርሱም የጋራ ዲስክ ላይ ያለው የፋይል ሲስተም፣ ራሱ ዳታቤዙ፣ እና ከኖድ ወደ ኖድ የሚዛወር የአይፒ አድራሻ ናቸው። አድራሻው አብሮ ስለሚዛወር ተጠቃሚው የሚደውልበት ቁጥር ያልተለወጠ ያህል ነው፤ አዲሱ ኖድ አድራሻውን መያዙን ለኔትወርኩ ያሳውቃል።

ምልአተ ጉባኤ

ሁለት ኖዶችን የሚያገናኘው ኔትወርክ ቢቋረጥ እያንዳንዱ ሌላው የሞተ ይመስለዋል። ሁለቱም አገልግሎቱን ሊያስነሱ ይችላሉ፤ ይህ ሁኔታ የተከፈለ አንጎል ይባላል። እንደ ኤክስኤፍኤስ ያለ፣ ባንድ ጊዜ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ እንዲጽፍበት የተሠራ የፋይል ሲስተም በሁለቱም ላይ ከተከፈተ ይዘቱ ይበላሻል።

የመጀመሪያው መከላከያ ምልአተ ጉባኤ ነው፤ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያለው ወገን ብቻ አገልግሎት ያስነሳል። በ3 ኖዶች 2 ድምፅ፣ በ4 ኖዶች 3፣ በ5 ኖዶችም 3 ያስፈልጋል። ስለዚህ 4 ኖዶች እንደ 3 ኖዶች ሁሉ የአንድን ኖድ መጥፋት ብቻ ይቋቋማሉ። በ2 ኖዶች አንዱ ሲጠፋ ብዙኃን አይገኝም። ኮሮሲንክ ለዚህ ልዩ የሁለት ኖድ ቅንብር አለው፤ ይሁንና የተሻለው መፍትሔ በሦስተኛ ቦታ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ አነስተኛ ሰርቨር ማቆም ነው።

ፌንሲንግ

ምልአተ ጉባኤ ብቻውን አይበቃም። መልስ መስጠት ያቆመ ኖድ ሞቶ ሳይሆን ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ከደቂቃ በኋላ ሲነቃ የጀመረውን ጽሑፍ ዲስኩ ላይ ይቀጥላል። ስለዚህ ክላስተሩ ያልታወቀውን ኖድ ኃይሉን በመቁረጥ ወይም ከዲስኩ በማገድ ከሥራ ያስወጣዋል። ይህ ፌንሲንግ ይባላል። በፔስሜከር ዘንድ ስቶኒዝ የሚባለውም ይኸው ነው፤ ስሙ «ሌላውን ኖድ ራሱን ምታው» የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የተወሰደ ምህጻረ ቃል ነው።

ፔስሜከር ፌንሲንጉ መሳካቱን ሳያረጋግጥ የጠፋውን ኖድ አገልግሎት በሌላ ቦታ አያስነሳም። በዚህ ምክንያት የፌንሲንግ መሣሪያው ከሰርቨሩ ጋር አንድ የኃይል ምንጭ ሊጋራ አይገባም። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም አብረው ከጠፉ ማረጋገጫ አይመጣም፤ አገልግሎቱም ጤነኛ ኖድ እያለ ቆሞ ይቀራል። ሁለት ኖዶች እርስ በርስ እንዳይጠፋፉም ከሁለቱ በአንዱ ላይ የሚሰነዘረው ፌንሲንግ ጥቂት ሰከንድ እንዲዘገይ ይደረጋል።

ዋና ዋና ቅንብሮች

• የመጠበቂያ ጊዜ፦ ኖድ ጠፍቷል ከመባሉ በፊት የሚጠበቀው ጊዜ ነው። ሲያጥር አላስፈላጊ ዝውውር ይበዛል፤ ሲረዝም መቋረጡ ይራዘማል።
• ክትትል፦ በየተወሰነ ሰከንድ የአገልግሎቱን ጤንነት ይመረምራል። ካልተዋቀረ ኖዱ ሳይወድቅ አገልግሎቱ ብቻ ቢወድቅ ፔስሜከር አያውቅም።
• ቅደም ተከተልና አብሮነት፦ ዲስኩ ከዳታቤዙ በፊት እንዲከፈት፣ አድራሻውም ዳታቤዙ ባለበት ኖድ ላይ እንዲሆን ያዝዛሉ።
• የውድቀት ገደብ፦ አገልግሎቱ በአንድ ኖድ ላይ ስንት ጊዜ ከወደቀ በኋላ እንደሚዛወር ይወስናል።
• ባለበት የመቆየት ዝንባሌ፦ የተጠገነው ኖድ ሲመለስ አገልግሎቱ ዳግም እንዳይዛወርና ሁለተኛ መቋረጥ እንዳይፈጠር ያግዛል።

የጊትሀብ መስተጓጎል

ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2018) የጊትሀብ ባለሙያዎች የተበላሸ የኔትወርክ መሣሪያ ሲለውጡ በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ የሚገኘው ዋናው የመረጃ ማዕከል ለ43 ሰከንድ ከኔትወርኩ ተለየ። ኦርኬስትሬተር የተባለው ሶፍትዌር በብዙኃን ድምፅ የማይኤስኪውኤል ዳታቤዞችን ዋና ሰርቨርነት ወደ ምዕራብ ዳርቻ አዛወረ። ነገር ግን በምሥራቁ ማዕከል ወደ ምዕራቡ ገና ያልተቀዳ ጽሑፍ ነበር፤ ምዕራቡም አዲስ ጽሑፍ መቀበል ጀመረ። ሁለቱ ስለተለያዩ ወደነበረበት መመለስ ቀላል አልሆነም። ኩባንያው ከፍጥነት ይልቅ የመረጃውን ደኅንነት መረጠ፤ አገልግሎቱም ለ24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ተስተጓጎለ። በኋላም ዋና ሰርቨርነት ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው በራሱ እንዳይዛወር ቅንብሩ እንዲስተካከል ወሰነ።

ሶፍትዌሩ በታዘዘው መሠረት ነበር የሠራው። ስህተቱ ያለው ለአጭር የኔትወርክ መቋረጥ ሩቅ ዝውውር በሚያዝዘው ቅንብር ላይ ነበር።

ሙከራና ገደብ

ያልተሞከረ ፌይልኦቨር አስተማማኝ አይደለም። ኖዱን በትእዛዝ ከሥራ ማሳረፍ ሥርዓት ያለውን ዝውውር ብቻ ይፈትናል፤ የኔትወርክ ገመድ መንቀል፣ ኃይል መቁረጥና አገልግሎቱን በድንገት መግደል ግን ፌንሲንጉንና ምልአተ ጉባኤውን ይፈትናሉ። ክላስተር የመጠባበቂያ ቅጂን አይተካም፤ በስህተት የተሰረዘ መረጃ በጋራ ዲስኩ ላይም ሆነ በተባዛው ዳታቤዝ ላይ እኩል ይሰረዛል።