ጓሮ ያጣው «ቪላ»

በአራዳና በፒያሳ ባለ ግቢ ቤት «ቪላ» ይባላል። ቃሉ፣ እንደ ፒያሳ ሁሉ፣ የጣልያን ነው። ጥንት ግን ጣልያኖች ቪላ ሲሉ የገጠር ርስትን ከነቤቱና ከነማሳው ማለታቸው ነበር።

በሰሜን ጣልያን ፋንዞሎ በተባለ መንደር የሚገኘውን ቪላ ኤሞን እንመልከት። የነደፈው በ16ኛው ምእተ ዓመት የኖረው ስመ ጥሩ አርክቴክት ፓላዲዮ ነው። የጌቶቹ መኖሪያ መሐል ላይ ከፍ ብሎ ተሠርቷል፤ ከግራና ከቀኙ በቅስት የተዋቡ ረጃጅም ክንፎች ተዘርግተዋል። እንግዳ ሰው ይህ ሁሉ ለጌጥ ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው፤ ክንፎቹ ጎተራ፣ ጋጣና የእርሻ መሣሪያ ማስቀመጫ ነበሩ፤ ጫፍና ጫፋቸው ላይ ያሉት ማማዎችም የርግብ ቤቶች ናቸው። ሠራተኛው ዝናብ ሳይመታው በቅስቶቹ ሥር ይመላለስ ነበር። ከቤቱ ፊት ደግሞ ዛፍ የተተከለበት ቀጥ ያለ መንገድ ማሳውን ሰንጥቆ ይሄዳል።

የእኛ ቪላ ስሙን ይዞ ጓሮውን እያጣ ነው። አትክልት ተራ ፒያሳ ሳለ ጎመኑም ቃሪያውም በእግር መንገድ ይገኝ ስለነበር ግቢው ሲሚንቶ ቢለብስ ብዙም አያሳስብም ነበር። ገበያው ግን በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ሳቢያ ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ሥራ ውላ የምትገባ የአራዳ እናት ዛሬ ጎመኗን ከጉሊት ነው የምትገዛው።

አባወራው ግቢውን ለመኪና ይፈልገዋል፤ አይፈረድበትም። ሆኖም ሁለት መደብ ጎመንና ከአጥሩ ሥር ጥቂት ጤና አዳምና በሶብላ የሚይዙት ቦታ እምብዛም አይደለም። መኪናው ትንሽ ወደ በሩ ጠጋ ቢልስ?