ስልኩ ፍሬን ሥር እንዳይገባ

ስለ መኪና ቻርጀር የምትልኩልኝ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «የቱ ነው ቶሎ የሚሞላው?» እሱን በዝርዝር እመልሳለሁ። ግን የሚቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ቻርጅ እያደረገ ስልኩ የት ነው የሚቀመጠው?

በአፕ የሚሠሩ ታክሲዎች ከበዙ ወዲህ ስልክ ለብዙ ሹፌር የሥራ ዕቃው ሆኗል። ጥሪ የሚመጣው በእሱ ነው፣ መንገዱ የሚታየው በእሱ ነው፣ ሂሳቡም የሚዘጋው በእሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ይበራል። ቦታው ግን ብዙ ጊዜ አይታሰብበትም። ጭን ላይ ይቀመጣል፣ በጭንና በወንበር መሐል ይወሸቃል፣ ማርሹ ፊት ያለው ክፍት ማስቀመጫ ውስጥ ከሳንቲምና ከደረሰኝ ጋር ይጣላል፣ አለዚያም ክሩስኮቱ ላይ ይጋደማል። ቻርጅ ማድረጊያው ገመድ ደግሞ በማርሹ ላይ ተሻግሮ ወይም በመሪው ሥር ዞሮ ይመጣል።

ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ተጋጭቶ ሲቆም፣ ያልታሰረ ዕቃ ሁሉ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይቀጥላል። ይህ ፍጥነት አንድ ዕቃ ከ10 ሜትር ያህል ከፍታ፣ ከሦስተኛ ፎቅ በሉት፣ ሲወድቅ መሬት የሚመታበት ፍጥነት ነው። 200 ግራም የሚመዝን ስልክ በዚያ ፍጥነት ፊት ላይ ሲያርፍ ቀላል ዕቃ አይደለም።

ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ያለ ግጭት የሚሆነው ነው። ሰው መንገድ ሲያቋርጥ አይታችሁ ፍሬን ትይዛላችሁ፤ ስልኩ ከጭናችሁ ይንሸራተትና እግራችሁ ሥር ይወድቃል። የፍሬኑ ፔዳል ሥር ከገባ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው አይወርድም። በጣም በምትፈልጉት ሰዓት ፍሬን አጣችሁ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ የሹፌሩ የራሱ ጠባይ ነው፤ ስልኩ ሲወድቅ እጅ ሳይታሰብ ወደ ታች ይሄዳል፣ ዐይንም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፤ መኪናው እየሄደ የወደቀ ስልክ አይነሳም። ዳር ይያዛል፣ ይቆማል፣ የእጅ ፍሬን ይሳባል፣ ከዚያ ይነሳል። የጮኸው ጥሪ ቢያመልጥ ያምልጥ።

አሁን ወደ ቦታው። በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሐል፣ ከማርሹ ፊት ጀምሮ እስከ ክንድ ማሳረፊያው ያለው ክፍል፣ የመሐል ኮንሶል የሚባለው፣ ለስልክ ከሁሉ የተሻለው ቤት ነው ባይ ነኝ። ቻርጀሩ የሚሰካበት ላይተር እዚያው ስላለ ገመዱ አጭር ይሆናል። ከፀሐይ ይሸሻል። ከሁለቱም መስኮቶች ስለሚርቅ መብራት ላይ ስትቆሙ እጅ ሰዶ የሚነጥቅ ሰው በቀላሉ አይደርስበትም፤ ስልክ ከሹፌር በር አጠገብ የሚሰቅሉ ወዳጆቼ ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ። የኤርባግ መንገድ ላይም አይገኝም። ኤርባግ ተነፍቶ የሚያበቃው ዐይን ከሚርገበገብበት ጊዜ ባነሰ ስለሆነ፣ ሽፋኑ ላይ ወይም ፊቱ የተለጠፈ ስልክ ቀጥታ ወደ ሰው ይወረወራል። ክሩስኮቱ ላይ «ኤስአርኤስ ኤርባግ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቦታ ላይ ምንም አይለጠፍም።

የኮንሶሉ ድክመት አንድ ነው፤ ዝቅ ያለ ነው። ካርታ ለማየት ዐይን ከመንገድ ላይ ብዙ ይወርዳል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የምትሄዱ ከሆነ መኪናው በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል፤ ሁለት ሰከንድ ወደ ታች ካያችሁ 22 ሜትር ሳታዩ ሄዳችሁ። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. ለመኪና አምራቾች ባወጣው መመሪያ፣ ሹፌር አንድ ጊዜ ወደ ስክሪን የሚያይበት ጊዜ ከ2 ሰከንድ እንዳይበልጥ ይመክራል። እግረኛው በየቦታው በሚያቋርጥበት በእኛ ከተሞች ግን ይህም ይበዛል እላለሁ።

መፍትሔው ሥሩ ኮንሶሉ ውስጥ የሆነ፣ አንገቱ ግን ከፍ የሚል መያዣ ነው። ኩባያ ማስቀመጫው ውስጥ ገብቶ እየተጠመዘዘ ጎኑን የሚያጠብቅ ዓይነት አለ። ኮብልስቶን ላይ ሲነዳ የማይነቃነቀው፣ ከሞከርኳቸው ሁሉ የማምንበትም ይሄ ነው። ስትገዙ አንገቱን ያዙና ወዝውዙት፤ እጃችሁ ላይ የሚወዛወዝ ከሆነ መንገድ ላይ ይብሳል። ስታስገቡትም ማርሹን ከአንደኛ እስከ ኋላ ማርሽ፣ የእጅ ፍሬኑንም እስከ ላይ አንቀሳቅሱና ምንም እንደማይነካ አረጋግጡ። ይህ ሁሉ መኪናው ቆሞ ሳለ የሚሠራ ነው። ካርታ የማትጠቀሙ ከሆነ ግን አንገትም አያስፈልግም፤ ወለሉ የማያንሸራትት ጎማ ያለው ማስቀመጫ ውስጥ ስልኩን ፊቱን ደፍታችሁ ተዉት።

መስታወት ላይ በላስቲክ መምጠጫ የሚለጠፈው መያዣ፣ ቬንቱዛ የሚባለው፣ ብዙ ሰው የሚገዛው ነው፤ በእኛ አገር ግን የሚበድለው አንድ ነገር አለ። ላስቲኩን መስታወቱ ላይ ተጭኖ የሚይዘው የውጭው አየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ያው ቬንቱዛ ጅቡቲ ላይ ከሚይዘው አዲስ አበባ ላይ በሩብ ያህል አንሶ ይይዛል። በዚያ ላይ የቀን ፀሐይ ላስቲኩን ያለሰልሰዋል፣ የሌሊት ብርድ ያደርቀዋል። ግዴታ ከሆነባችሁ መስታወቱን በአልኮል ወልውሉ፣ ዕይታ በማይጋርድ ዝቅ ያለ ጥግ ላይ አድርጉ፣ በየጊዜውም አውጥታችሁ እጠቡት።

የአየር መውጫው ላይ የሚሰካው ዓይነት አንድ መልካም ጎን አለው፤ ቀዝቃዛ አየር ሲለቀቅ ስልኩን ያቀዘቅዘዋል። ማሞቂያ ሲከፈት ግን ያው ቦታ ስልኩን ይጠብሰዋል፤ ስልኩ ከባድ ከሆነም የአየር መውጫዋን ስስ ፕላስቲክ ይሰብራታል።

ማግኔት ያላቸው መያዣዎች ምቹ ናቸው፤ ስልኩ ግን ወፍራም ሽፋን ካለው እብጠት (ስፒድ ብሬከር) ላይ ሲዘል ይለቃል። የኤቲኤም ካርድ ከስልክ ሽፋን ጀርባ የምታስቀምጡ ሰዎች አውጡት፤ ማግኔት የካርዱን ጥቁር መስመር ሊያበላሽ ይችላል። ስልኩ ጀርባ ላይ የብረት ሳህን ከለጠፋችሁ ደግሞ ያለ ገመድ መሙላት አይሠራም፤ ብረቱ ይግላል እንጂ ባትሪው አይሞላም። ሞተር ሳይክል ላይ ለምትሠሩ አንድ ቃል፦ አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማሳሰቢያ ስልኩን በኃይለኛ ሞተር ሳይክሎች መሪ ላይ በቀጥታ ማሰር የካሜራውን ምስል ማረጋጊያ ሊጎዳ እንደሚችል አስታውቋል። ንዝረት የሚውጥ መያዣ ፈልጉ።

አሁን ወደ ቻርጀሩ። «ሰክቼው እንኳን ፐርሰንቱ ይወርዳል» የምትሉት ነገር ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቆየት ባሉ መኪኖች ሬዲዮው አጠገብ ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ለሙዚቃ ፍላሽ ተብሎ የተሠራ ነው። የሚሰጠው 5 ቮልት በግማሽ አምፒር፣ 2.5 ዋት ማለት ነው። ካርታ ተከፍቶ፣ ስክሪኑ በሙሉ ብርሃን በርቶ፣ ዳታና ጂፒኤስ አብረው ሲሠሩ ስልኩ ከዚህ በላይ ሊበላ ይችላል። የሚገባው ከሚወጣው ካነሰ መውረዱ አይቀርም፤ ስልኩ ወይም ባትሪው ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ላይተሩ ግን ሌላ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው 13.5 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ ያቀርባል፣ የላይተሩ ፊውዝም በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች 10፣ 15 ወይም 20 አምፒር ነው። ስለዚህ 18 ወይም 30 ዋት የሚሰጥ ቻርጀር ላይተሩን አያስጨንቀውም። ታይፕ ሲ ስልክ ካላችሁ «ፒዲ» የተባለውን ፈጣን አሞላል የሚደግፍ ይሁን። ለሹፌር ሥራ 20 ዋት አካባቢ በቂ ነው። ከዚያ በላይ የሆነው ፍጥነት ካርታ ለተከፈተበት ስልክ ሙቀት ከመጨመር በቀር ብዙም አይፈይድም። እንደ ሲኖትራክ ባሉ ከባድ መኪኖች የምትሠሩ ደግሞ መኪናችሁ በ24 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ቻርጀሩ ላይ «12–24 ቮልት» መባሉን ሳታዩ አትግዙ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በዝተዋል፤ የእነሱም ላይተር ያው 12 ቮልት ነው፣ የሚለወጥ ነገር የለም።

ርካሽ ቻርጀር ላይ የተጻፈን ቁጥር አትመኑ። እኔ የምፈትንበት ዘዴ አለ፤ ሬዲዮውን በደንብ በማይገባ ኤፍኤም ጣቢያ ላይ አድርጋችሁ ቻርጀሩን ስልክ ላይ ሰክታችሁ አስገቡት። ሬዲዮው ማንሾካሾክ ወይም መጮህ ከጀመረ ውስጡ ያለው ማጣሪያ ደካማ ነው፣ ይመለስ። ሁለተኛው ፈተና እጅ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ሲነካ ለብ ማለቱ ደንብ ነው፣ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ነቅሎ መጣል ነው።

ላይተሩ ውስጥ የሚላላ ቻርጀርም አደገኛ ነው። መንገዱ በነጠረ ቁጥር ንክኪው ይቋረጣል፣ ይቀጥላል፤ በዚያ ነጥብ ላይ ሙቀት ይፈጠራል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። ስልኩ በየእብጠቱ ቻርጅ ማድረግ የጀመረበትን ድምፅ እየደጋገመ የሚያሰማችሁ ከሆነ ይህ ነው ችግሩ። ሳንቲም የሚጠራቀመው እዚያው ኮንሶል ላይ ስለሆነ፣ ክፍት ላይተር ውስጥ ሳንቲም ገብቶ ፊውዝ ማቃጠሉም የተለመደ ነው። ፊውዙ ሲቃጠል በዚያው አምፒር ይተካ። ከፍ ባለ አምፒር መተካት፣ ይባስ ብሎም በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ማስገባት፣ ገመዱ ራሱ ፊውዝ ሆኖ እንዲቃጠል መፍቀድ ነው። ብዙ ቦታ ይደረጋል፤ እባካችሁ ተዉት። ቋሚ የዩኤስቢ ሶኬት ኮንሶሉ ላይ ማስገጠም ከፈለጋችሁ ኤሌክትሪሺያኑን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ መስመሩ የራሱ ፊውዝ ይኑረው፣ ቁልፍ ሲነቀልም አብሮ ይጥፋ።

ገመዱ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ይበቃል። ረጅምና ቀጭን ገመድ ኃይሉን መንገድ ላይ ያስቀረዋል፣ ትርፉም ማርሽ ላይ ይጠመጠማል። በኮንሶሉ ጎን አስጠግታችሁ አሳልፉትና ስልኩ ጋ ሲደርስ ትንሽ አላሉት። የተወጠረ ገመድ በየንዝረቱ የስልኩን ቀዳዳ እየሳበ ያሰፋዋል።

በመጨረሻ ሙቀት። የሊቲየም ባትሪን ከምንም በላይ የሚያስረጀው ሙቀት ነው። አፕል ስልኮቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር እንዲሠሩ፣ ሲቀመጡም ከ45 ዲግሪ እንዳያልፉ ይመክራል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ክሩስኮት ይህን በቀላሉ ያልፋል፤ ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ ጋምቤላ ያላችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ያለ ገመድ መሙላት ኃይሉን በከፊል ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ፣ በቀትር ከካርታ ጋር ባይደረብ ይሻላል። ክዳኑ የተዘጋ የክንድ ማሳረፊያ ሳጥን ውስጥም ስልክ በፍጥነት እየሞላ አይቆለፍበት፣ አየር የለውምና። ስልኩ ከጋለ ገመዱን ንቀሉ፣ ሽፋኑን አውልቁ፣ ጥላ ውስጥ አድርጉት፤ ፍሪጅ ውስጥ ወይም በረዶ ላይ አይቀመጥም።

በእጅ ስልክ ይዞ ማሽከርከር በትራፊክ ደንባችን የተከለከለ ነው። መያዣ ላይ ያለ ስልክም ቢሆን አድራሻው የሚጻፍበት ሞተር ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ የካርታውን ድምፅ ስሙ። መኪና ስታቆሙም ስልኩን ብቻ ሳይሆን መያዣውንና ገመዱንም ከዕይታ አንሡ፣ ባዶ መያዣ መስታወት ያሰብራል።

የኩባያ ማስቀመጫ የሌላት መኪና ያላችሁ የኮንሶሉን ፎቶ ከመኪናው ዓይነት ጋር ላኩልኝ፤ የሚሆነውን አብረን እንፈልጋለን። ዛሬ ግን አንድ ነገር አድርጉ፤ መኪና ውስጥ ስትገቡ ስልካችሁ ያለበትን ቦታ አይታችሁ፣ አሁን በኃይል ፍሬን ብይዝ ወዴት ይሄዳል ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ወደ እግሬ ከሆነ ሳትነሡ ቦታውን ቀይሩ።