የሰውነት መከላከያና ጥገኛ ትል፤ በቦንጋና በከፋ ስላለው የኦንኮሰርካ በሽታ

ስለ ሰውነት የበሽታ መከላከያ ኃይል ሲነገር ብዙውን ጊዜ በምሳሌነት የሚቀርቡት እንደ ኩፍኝ ያሉት በሽታዎች ናቸው። በኩፍኝ የተያዘ ሰው ከዳነ በኋላ ዳግመኛ በዚያው በሽታ አይያዝም፤ ሰውነቱ ጠላቱን ድል ነሥቶ መልኩን ያስታውሳልና። ጥገኛ ትሎች ግን ለዚህ ሕግ አይገዙም። በሰው አካል ውስጥ ዐሥርም ዐሥራ አምስትም ዓመት ይቀመጣሉ፤ ሰውነትም እያወቃቸውና እየታገላቸው ሳለ አይለቁትም። ይህ ጽሑፍ የዚህን ምክንያት ለማስረዳት የታሰበ ሲሆን፣ ምሳሌው የተወሰደው በቦንጋ አካባቢና በጠቅላላው በከፋ ዞን ሕዝቡን ለብዙ ዘመን ካስቸገረው ከኦንኮሰርካ ቮልቩለስ ነው።

፩ኛ፤ በሽታው በከፋ

ከፋ ዝናብ የማይጎድልበት፣ ደንና ቡና የበዛበት፣ እንደ ጎጀብ ያሉ ወንዞች የሚያቋርጡት አገር ነው። ሲሙሊየም የምትባለው ትንሽ ጥቁር ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው በፍጥነት በሚወርድ ውሃ ውስጥ በሚገኙ ድንጋዮችና ቅጠሎች ላይ ስለ ሆነ ይህ አገር ይስማማታል። በሽታው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መኖሩን በመጀመሪያ የገለጡት እ.ኤ.አ. በ1939 የኢጣልያ መርማሪዎች ነበሩ። ከዚያም ኦመን የተባሉት ተመራማሪ በዚሁ አካባቢ ያደረጉትን ሰፊ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትመዋል።

በምዕራብ አፍሪካ የሣር ምድር ይኸው በሽታ ብዙ ሰው ስላሳወረ «የወንዝ ዕውርነት» የሚል ስም ወጥቶለታል። በአገራችን ግን በዚህ በሽታ ዐይኑ የሚጠፋ ሰው ጥቂት ነው፤ ዋናው ጉዳት በቆዳ ላይ ይታያል። ማሳከኩ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል። ቆዳው ይሻክራል፣ ይወፍራል፤ ዘመን ሲቆይም በቅልጥም ላይ እንደ ነብር ቆዳ ዝንጉርጉር ይሆናል። ጉዳቱም በአካል ብቻ የሚቀር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በአንድ ትልቅ የቡና እርሻ በተደረገ ጥናት፣ ቆዳቸው በጣም የተጎዳ ሠራተኞች የቀን ገቢ ከጤነኞቹ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

፪ኛ፤ የትሉ አኗኗር

ዝንቧ ሰውን ስትነክስ የትሉን እጭ በቆዳው ላይ ትተዋለች። እጩ በቆዳ ሥር ገብቶ በአንድ ዓመት ገደማ ሙሉ ትል ይሆናል። ሴቷ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ ወንዱ ግን ከ5 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ሴቶቹ ትሎች ተጠቅልለው በቆዳ ሥር በሚዳሰስ እብጠት ውስጥ ይኖራሉ። አንዲት ሴት ትል በቀን እስከ አንድ ሺህ የሚደርሱ ማይክሮፊላሪያ የተባሉ ደቃቅ ልጆች ትወልዳለች። የእነዚህ ርዝመት የአንድ ሚሊ ሜትር ሢሶ ያህል ሲሆን፣ በቆዳ ውስጥ እየተዘዋወሩ ሌላ ዝንብ ነክሳ እስክትወስዳቸው ይጠብቃሉ። ያልተወሰዱት በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ እዚያው ይሞታሉ።

፫ኛ፤ ሰውነት የሚያደርገው ትግል

አንድ ነጭ የደም ሕዋስ ባክቴሪያን ውጦ ሊያጠፋ ይችላል። ትል ግን ከሕዋሱ እጅግ ስለሚበልጥ አይዋጥም። ስለዚህ ሰውነት ሌላ ዘዴ አለው። መጀመሪያ ፀረ እንግዳ አካላት በትሉ ገላ ላይ ይለጠፋሉ። ቀጥሎም ኢንተርሉኪን 4፣ 5 እና 13 የሚባሉት መልእክተኛ ንጥረ ነገሮች ኢዮሲኖፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ያበዛሉ፣ ወደ ስፍራውም ይጠራሉ። እነዚህ ሕዋሳት ትሉን ከበው በውስጣቸው ያለውን መርዛማ ፕሮቲን ያፈስሱበታል።

ይሁን እንጂ የፈሰሰው መርዝ ትሉን ከቆዳው ለይቶ አያውቅም። በአካባቢው ያለው ጤነኛ ሥጋ አብሮ ይቃጠላል፤ ማሳከኩም ማበጡም የሚመጣው ከዚህ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በሽተኛው የሚሠቃየው በትሉ ንክሻ ሳይሆን በገዛ ሰውነቱ ትግል ነው።

በዚህ ላይ በትሉ ውስጥ ወልባኪያ የሚባል ባክቴሪያ በጥገኝነት ይኖራል። ትሉ ሲሞት ይህ ባክቴሪያ ወደ ሥጋው ይለቀቅና ኒውትሮፊል የተባሉትን ሌሎች ነጭ ሕዋሳት ያስነሣል። በዐይን ብሌን ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ይህ አንዱ ምክንያት እንደ ሆነ እ.ኤ.አ. በ2002 በአይጦች ላይ የተደረገ ምርመራ አሳይቷል።

፬ኛ፤ ትሉ ሰውነትን እንደምን ያዘናጋል?

ትሉ ይህን ሁሉ እየታገለ ዐሥር ዓመት የሚኖረው ትግሉን ማብረድ ስለሚያውቅ ነው። ከሚያመነጨው ንጥረ ነገር የተነሣ ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት የሚባሉት ይበዛሉ፤ እነርሱም ኢንተርሉኪን 10 በተባለው መልእክተኛ አማካይነት የሌሎቹን ሕዋሳት ቁጣ ያበርዳሉ። እንደዚሁም ቁጣ የማይቀሰቅሰው አይጂጂ 4 የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ይበዛል። ስለዚህ በሕይወት ያለ ማይክሮፊላሪያ ብዙ ሳይረብሽ ይዘዋወራል፤ ቁጣው የሚነሣው በሚሞትበት ጊዜ ነው።

ከዚህም የተነሣ በሽተኞች በሁለት ጫፎች መካከል ይገኛሉ። በአንዱ ጫፍ ያለው ሰው በቆዳው ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ማይክሮፊላሪያ ይዞ እምብዛም አያሳክከውም። በሌላው ጫፍ ያለው ደግሞ ትሉ በጣም ጥቂት ሆኖ ሳለ ሰውነቱ አጥብቆ ስለሚዋጋ የአንድ እግሩ ቆዳ ይወፍራል፣ ይጠቁራል። ይኸኛው ዓይነት በየመንና በሱዳን በዐረብኛ «ሶውዳ»፣ ማለት «ጥቁር» ይባላል። እንግዲህ የማሳከክ ብዛት የትሉ ብዛት መለኪያ ሊሆን አይችልም።

፭ኛ፤ ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

በከፋና በሸካ አይቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በኅብረተሰቡ በተመረጡ አዳዮች ሲሰጥ ቆይቷል። መጠኑ የሚወሰነው በሰውየው ቁመት ነው። መድኃኒቱ ማይክሮፊላሪያን ሽባ አድርጎ ለሰውነት መከላከያ አሳልፎ ይሰጣቸዋል፤ እናቲቱንም ለወራት ያህል ልጅ ከማውጣት ያግዳታል፤ ነገር ግን አይገድላትም። ስለዚህ እናቲቱ እስክታረጅ ድረስ ለብዙ ዓመታት ሳያቋርጡ መውሰድ ግድ ነው።

ከላይ የተመለከትነውን ያላወቀ ሰው በሁለት መንገድ ሊሳሳት ይችላል። የመጀመሪያው፣ ኪኒኑን በዋጠ በማግስቱ ማሳከክና ማበጥ ሲጀምረው «መድኃኒቱ በሽታ ጨመረብኝ» ብሎ የሚተወው ነው። ነገሩ ግን ብዙ ማይክሮፊላሪያ በአንድ ጊዜ በመሞታቸው የተቀሰቀሰ የሰውነት ቁጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በጥቂት ቀን ይበርዳል። ሁለተኛው፣ «እኔን አያሳክከኝም፣ ስለዚህ ጤነኛ ነኝ» ብሎ እንቢ የሚለው ነው። ምናልባት ይህ ሰው ሰውነቱ ተዘናግቶ ከሁሉ የበለጠ ትል የተሸከመ፣ ዝንቦችም ለጎረቤቱ የሚቀዱበት ምንጭ ሊሆን ይችላል። አዳዩ ቤት ለቤት ሲሄድ «ውሰዱ» ከማለት ጋር ይህን ቢያስረዳ፣ ብዙ ቤተሰብ ከመንገድ እንዳይቀር ያደርጋል።

የሰውነት መከላከያ ትሉን ማስወጣት ቢያቅተውም ምስክርነቱ አይናቅም። ኦቪ 16 የተባለውን የትሉን ፕሮቲን የሚለይ ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ ስለሚቀር፣ በቅርብ ዓመታት የተወለዱ ልጆችን ደም መርምሮ ትሉ መተላለፉን ማቆም አለማቆሙን ማወቅ ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች መካከል ይህ ምልክት የሚገኝባቸው ከ1,000 አንድ እንኳ የማይሞሉ መሆን አለባቸው፤ ዝንቦቹም ተመርምረው ከትሉ ነጻ መሆናቸው መረጋገጥ ይኖርበታል። መድኃኒቱን ለማቆም የሚቻለው ይህ ሲሆን ነው።

ለዚህ ትል እስካሁን ክትባት አልተገኘለትም፤ ሰውነትም ብቻውን እንደማያሸንፈው ከዚህ በላይ ታይቷል። ስለዚህ በወንዝ ዳር የሚኖር ገበሬና ቡና ለቃሚ ከሚያሳክከው ቆዳ የሚገላገለው፣ የሚያሳክከውም የማያሳክከውም ሰው እኩል መድኃኒቱን በየጊዜው ሲወስድ ነው።