ጋሪ ቢገጨው የማይጠፋ የዐጥር ቋሚ

ዳንግላ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፥ የፈረስ ጋሪና ባጃጅ አይታጣባትም። ስለዚህ ቤቱ በመታጠፊያ ላይ የሆነ ሰው የዐጥሩ የማዕዘን ቋሚ እየተገጨ ቢወድቅበት የሚያስገርም አይደለም። ቋሚውን በድንጋይና በሲሚንቶ ማጽናት ለብዙዎች መልካም ይመስላቸዋል። እኛ ግን አንመክርም፤ ከቶ የማይነቃነቅ ቋሚ የፈረስን እግር ወይም የነጂን ጕልበት ሊሰብር ይችላልና። ፈረስ በአዊ ምን ያህል እንደሚከበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ይመሰክራል።

የሚሻለው እንዲህ ነው። ምስጥ ቶሎ ከማይበላው ከወይራ ወይም ከጽድ ሦስት ክንድ የሚሆን አጭር ምሰሶ ይቈረጥ። ሁለቱ ክንድ ተቀብሮ ዙሪያው በጠጠር ይጠቅጠቅ፤ አንዱ ክንድ ከመሬት በላይ ይቅር። ከዚህ ምሰሶ ጋራ፥ በመንገዱ ወገን፥ ረዥም የባሕር ዛፍ ቋሚ ይጋጠም፤ እግሩም ከመሬት አራት ጣት ከፍ ይበል። ሁለቱ እንጨቶች ባንድነት በሁለት ስፍራ ተበስተው፥ በታችኛው ቀዳዳ የብረት ብሎን፥ በላይኛው ቀጭን የእንጨት ችንካር ይግባ። የዐጥሩም አግዳሚ በሚስማር ሳይሆን በልጥ ይታሰር።

በመንገዱ የሚያልፍ ጋሪ ቢገጨው ችንካሩ ተሰብሮ ቋሚው በብሎኑ ላይ ይጋደማል፤ የተቀበረው ምሰሶ ግን በስፍራው ይቀራል። ባለቤቱም ቋሚውን አቅንቶ አዲስ ችንካር ያገባል። ትርፍ ችንካር ጠርቦ ማስቀመጥ ለቤቱ ልጆች የሚገባ ሥራ ነው። የተሰበረ ችንካር በማለዳ ይተካል፤ የተሰበረ እግር ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠገንም።