ሽርሽሩ ሊያልቅ ሲል ኩርፊያ ለምን?

የዛሬው ወጋችን ዛንዚባር ያደርሰናል።

የማውቃቸው አዲስ ተጋቢዎች ለጫጉላቸው ከአዲስ አበባ እዚያ ሄደው፣ መኪና ተከራይተው ዋናዋን ደሴት ኡንጉጃን ቀስ እያሉ ዞሯት። ከጫፍ እስከ ጫፍ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ምን ያስቸኩላል? ሰሜን ጫፍ ኑንግዊ ዋኙ፤ ጆዛኒ ጫካ ገብተው በዓለም ላይ ዛንዚባር ብቻ የሚገኘውን ቀይ ጉሬዛ አዩ።

ጣጣው የመጣው ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው። እሷ ስቶን ታውን ገብታ ለእናቷ ቅርንፉድ መግዛት አማራት። የእሱ ኪስ ደግሞ ሳስቷል፤ መናገር ግን አፈረ። እንደኛ አገር በቀኝ ሳይሆን በግራ መንዳቱም አድክሞታል። «አሁን ቅርንፉድ ምን ያደርግልሻል!» ብሎ ጮኸባት። አኮረፈች። ያን ሌሊት ጀርባ ተሰጣጥተው አደሩ።

ጠዋት እንደምንም «ብር አልቆብኛል» አላት። «ታዲያ ትናንት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ብላ ሳቀች። አንዲት እሽግ ቅርንፉድ ገዙ፤ ማታ ፎሮዳኒ ባሕር ዳር አንድ ጥብስ ዓሣ ለሁለት በሉ።

እናም ወጣቶች፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ወጪ ከመነሻው ለይታችሁ አስቀምጡ። መኪናውንም ቀደም ብላችሁ መልሱ። እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ስቶን ታውን መንገዶቿ ጠባብ ናቸው፤ ደስ የምትለው በእግር ነው። ከሁሉ በላይ ግን ተነጋገሩ። የኪስ መሳሳት አያሳፍርም፤ ደብቆ በሰው ላይ መጮህ ነው እንጂ!

መልካም ሽርሽር!